ጭስ የሌለው ምድጃ

ለዝማሜ፣ ለጓዳዬ እመቤት፤

ደብዳቤ ሲጻፍ መጀመሪያ ጤና ይጠየቃል። አንችን ጤናሽን ብጠይቅ ማን ይመልስልኛል እያልሁ ብዙ ጊዜ ብዕሩን አንስቼ መልሼ አስቀመጥሁት። እኔ ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ወፍጮ ቤት እውላለሁ። ከተለየሽኝ ይኸው ዓመት ሞልቶ ሳምንት አለፈው። ሙት ዓመትሽን ባለፈው እሑድ አወጣሁ፤ የተረፈው ጠላ ገና ከጋኑ አላለቀም። የምጽፍልሽም በዚሁ ጠላ ምክንያት ነው። ስጠምቀው አንድ ነገር ሰማሁ፣ ላንች ሳልነግርሽ ብቀር የሚያንቀኝ ነገር።

ለሞተ ሰው ደብዳቤ ይጻፋል ወይ የሚለኝ ይኖራል። አንች በሕይወት እያለሽም ፊደል አልቆጠርሽም፤ ለቤታችን የመጣውን ደብዳቤ ሁሉ የማነብልሽ እኔ ነበርሁ። ይህንንም ጽፌ ስጨርስ ጓዳ ገብቼ አነብልሻለሁ።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልንገርሽ። ዘንድሮ ክረምቱ ከበደ። ርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳውን ሙሉ አለበሰው፣ ከደጃችን ብትቆሚ የሚታየው ውኃና የከብት ቀንድ ብቻ ነበር። ውኃው ከሸሸ በኋላ የተዘራው ጓያ ግን ጥሩ በቅሏል። ቦራ ላማችን ወለደች፣ ጥጃዋ ሴት ናት፣ እንደ እናቷ እልኸኛ። የጎረቤታችን የእትዬ ደብሬ ልጅ ይፋግ ተዳረች። ባለ ወፍጮው ሐጂ የወፍጮ ቤቱን ቆርቆሮ አስቀየሩት፣ ሞተሩ ግን ያው የድሮው ነው፣ እኔም ያው የድሮው ሞተረኛ ነኝ። አጥራችን ዘሟል። ሰው ሁሉ ምነው አታድሰውም ይለኛል፣ እኔ እጄ እምቢ ይለኛል። ለምን እንደ ሆነ አንች ታውቂያለሽ።

ምድጃውም አለ። ዛሬ የማወራሽ ስለሱ ነው። የምታውቂውን ብደግምብሽም ታገሽኝ፣ ከሥሩ ካልጀመርሁ አልችልበትም።

ስንጋባ እኔ ጎንደር ከአንድ ጣሊያን መካኒክ ሥር ሞተር ተምሬ የመጣሁ፣ ገላዬ ናፍጣ ናፍጣ የሚል ሰው ነበርሁ። እናትሽ እንኳ ልጄን ለጋዝ ሽታ ዳርኋት ይሉ እንደ ነበር ሰምቻለሁ። አንች ደግሞ የእናትሽን ጋን በአህያ አስጭነሽ መጣሽ። ደጃችን ላይ ጣሳ የተደፋበት እንጨት ከተከልሽ ወዲህ በገበያ ቀን ቤታችን መቀመጫ ጠፋ። ከይፋግ በሬ ሊሸጥ የመጣው ሰው ሳይቀር የዝማምን ጠላ ሳልቀምስማ አልመለስም ይል ነበር።

ከዚያ ልጃችን መጣ፣ ሄደም። ስሙን እዚህ አልጽፈውም፤ ካንች ጋር ስላለ አንች ጥሪልኝ። ጥርስ ሳያበቅል ነው የቀበርነው። ዋንዛዬ ፍል ውኃ ወስጄሽ ተጠመቅሽ፣ ሰውነትሽ በረታ፣ ወደ ጠላሽም ተመለስሽ። ዓይንሽ ግን ይቀላ ጀመር። ከወፍጮ ቤት ስመለስ ቀልቶ፣ ቆቡ አብጦ አገኘዋለሁ። ምነው ስልሽ ጭሱ ነው አልሽኝ። ፎገራ ላይ እንጨት ከየት ይመጣል፤ የምናነደው ኩበት ነው፣ የኩበት ጭስ ዓይን እንደሚያጠፋ ደግሞ ማንም ያውቀዋል። አመንሁሽ።

እኔም ሥራዬ ሞተር ነውና መላ አገኘሁ አልሁ። ወፍጮው ሲፈጭ ሞተሩ ዲናሞም ያዞራል፤ ሐጂ ለሱቃቸው አምፖል ያበሩበታል። አስፈቅጄ አንድ መስመር በአጥራችን ላይ አሻገርሁና ጓዳ አስገባሁ። ካንድ የአሥመራ ነጋዴ የተጠማዘዘ የምድጃ ሽቦ ገዛሁ። ሽቦውን የሚይዘውን ሸክላ መጀመሪያ ከደጃችን ጥቁር ዋልካ አፈር ሠራሁት፤ ገና ሲደርቅ እንደ ሚያዝያ መሬት ተሰነጣጥቆ ቀረ። አንች ሆድሽን ይዘሽ ሳቅሽ፣ ጎንደር ሄደህ አፈር መለየት አልተማርህም እንዴ አልሽኝ። ከልጃችን ወዲህ ስትስቂ ያየሁሽ ያን ቀን ነው። ከዚያ ራስሽ ከዳገቱ ቀይ አፈር አስመጥተሽ፣ ከጭድ ጋር ረግጠሽ፣ ድፍን ክብ አድርገሽ ጋገርሽው፤ ሽቦው የሚተኛበትን ቦይ በሌባ ጣትሽ እያዞርሽ አወጣሽለት። የጣትሽ መንገድ ዛሬም ሸክላው ላይ አለ።

መጀመሪያ ስናበራው ሽቦው ጠቆረ፣ ከዚያ ቀላ፤ አንች በስመ አብ ብለሽ እስከ በሩ ሸሸሽ። እንዳይነዝርሽ ፈርቼ የደረቀ የወይራ ቁራጭ ጠረብሁልሽ፣ ሽቦውን መንካት ካስፈለገሽ በዚች ብቻ ንኪው፣ በእጅሽም በብረትም እንዳትሞክሪው ብዬ አስማልሁሽ። ምሰሶው ሥር አስቀመጥሻት። ደግሞ ስትለምጂው ከኔ በለጥሽ። ወፍጮው ላይ ዳጉሳ ሲገባ ሞተሩ ይከብደውና ምድጃሽ ይደክማል፤ ማታ ስገባ ዛሬ ዳጉሳ ስትፈጩ ዋላችሁ ትይኝ ነበር። ከጓዳ ሳትወጪ የወፍጮ ቤቱን ውሎ ታውቂው ነበር።

ጠጪዎቹ ግን አኮረፉ። አሻሮ የሚሆነው ገብስ በኩበት ካልተቆላ ጠላው ጠላ ጠላ አይልም አሉ፤ የመብራት ጠላ የሚል ስምም አወጡለት። ከጣራ ገዳም በኩል በመጣ ወይራ ጋኑን ሁለት ጊዜ ማጠን ጀመርሽ፣ አሻሮውንም ከሰው ሁሉ አጥቁረሽ፣ ሳይቃጠል ልክ ከመቃጠሉ በፊት ታወጪው ጀመር። በሁለተኛው ገበያ ያው አኩራፊ ሁሉ ተመልሶ ድገሚኝ ይል ነበር።

ምድጃው እንዲህ ከተሳካ በኋላ ሽቦው መበጠስ አመጣ።

በሳምንት አንዴ፣ አንዳንዴም ሁለቴ ይበጠሳል። የወፍጮው ጩኸት ድምፅ ስለማያሰማ ነጠላሽን አጥሩ ላይ ትሰቅይዋለሽ፤ እኔ ከሞተሩ አጠገብ ሆኜ በበሩ አሻግሬ ነጩን ሳይ ተበጠሰ ማለት ነው። ሞተሩን ለረዳቴ ሰጥቼ፣ ፒንሳዬን ይዤ እመጣለሁ። መስመሩን ነቅዬ የተበጠሰውን ጫፍና ጫፍ እገጥማለሁ። አንዴ የተገጠመ ሽቦ ቶሎ ስለሚለቅ አሻሮው ተቆልቶ እስኪያልቅ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው። አንች ታማስያለሽ፣ እኔ እጠብቃለሁ። ምሳዬንም እዚያው ትሰጭኛለሽ።

አሻሮ በጆሮ እንደሚቆላ የተማርሁት ያኔ ነው። መጀመሪያ ይንጣጣል፣ ከዚያ ይረጋል፣ ከዚያ ሁለተኛ ቀስ ብሎ ይንሾካሾካል፤ ሁለተኛው ሲያበቃ ከምድጃው ይወርዳል። ሞተር በጆሮህ ታውቅ የለ፣ ይሄም ያው ነው አልሽኝ። ዓይኔን ጨፍኜ አሁን እላለሁ፣ አንች ገና ነው ትያለሽ። ሁልጊዜ አንች ትክክል ነበርሽ። ጌሾው ምን ያህል፣ ብቅሉ ምን ያህል፣ ቂጣው ምን ያህል እንደሚበስል ሳላስበው ገባኝ።

ወፍጮ ቤት ያሉት ወንዶች መሳቂያ አደረጉኝ። የጓዳው መካኒክ፣ ሚስትህ በነጠላ ጠራችህ፣ ሂድ አማስል ይሉኝ ነበር። እኔም እየተነጫነጭሁ እመጣ ነበር፤ የምነጫነጨው ባንች ሳይሆን ሽቦውን በሸጠልኝ የአሥመራ ነጋዴ ነው። ሌባ፣ አጭበርባሪ፣ የወላለቀ ዕቃ የሚሸጥ ብዬ ያልሰደብሁት ስድብ የለም። አንች አንገትሽን ደፍተሽ እያማሰልሽ፣ ተወው በሞቴ፣ እሱም የልጆች አባት ነው ትይኝ ነበር። ደግነትሽ ነው እል ነበር።

አንድ ነገር ብቻ አልገባኝ ብሎ ነበር። ጭስ በሌለው ምድጃ ላይም ዓይንሽ መቅላቱን አልተወም።

አምና ጥቅምት ላይ ወባው ሲመጣ ሠፈሩን ሁሉ አስተኛ። አንች ሌላውን ስታስታምሚ ከርመሽ ተኛሽ፤ እንደ ሌላው ትነሻለሽ ብዬ ነበር። ትኩሳቱ ሲብስ ጎንደር ላደርስሽ ካንድ የጭነት መኪና ነጂ እግር ወድቄ፣ መኪናውን ደጃችን ድረስ አስመጣሁት። ስገባ ሴቶቹ ለልቅሶ አገልድመው ነበር። ነጂው ኮፍያውን አውልቆ ከኔ ጋር ቆመ። ከዚያ ወዲያ ያለውን አላስታውሰውም፣ አንዳንዱን እያስታወስሁም አልጽፈውም።

የአርባሽን ጠላ ጎረቤቶች ጠመቁ፣ እያንዳንዷ ከቤቷ። እግዜር ይስጣቸው፣ ምንም አልጎደለም። ቄሱ ባርከው ለኔ ሲሰጡኝ ተጎነጨሁት። ጥሩ ጠላ ነበር፣ ያንች ግን አልነበረም። ይኸ የማይታወቅ ነገር አይደለም፣ አንች ሞተሽ ያንች ጠላ ከየት ይመጣል። እኔ ግን ያን ጊዜ አፌ ውስጥ ነው የሞትሽብኝ። ሲቀብሩሽ ያላለቀስሁትን ዋንጫውን ይዤ አለቀስሁ። ሰውም ወንድ ልጅ ምን ነካው ሳይል ተወኝ። ያን ቀን ነው ሙት ዓመትሽን በራስሽ ጠላ አወጣለሁ ብዬ የማልሁት፤ ጋንሽን አፉን ከድኜ ሰው አላስነካም አልሁ።

ወንድ ጠላ አይጠምቅም፤ እኔም አውቃለሁ። እትዬ ደብሬ ስነግራቸው የሐዘን ነገር ነው ብለው በመጀመሪያ አለፉት። ሲገባቸው ግን፣ ልጄ ሰው ምን ይላል፣ ደግሞስ ጋኑ ተበላሽቶ እንግዳ ፊት ብታፍርስ አሉኝ። የፈራሁትም እሱን ነበር። ጠላው ያንች ሆኖ ካልወጣ ዳግመኛ ያንችን የምንቀምስበት ቀን የለም። የነፍስ አባታችንን ጠየቅኋቸው። ጥቂት አስበው፣ ወንድ አይጥመቅ የሚል ቃል አላነበብሁም፣ አንተ ብቻ አታሳርረው አሉኝ።

ሐጂ ረዳቴን ሞተሩ ላይ አቁመው ልቀቅ፣ ቤትህ ዋል አሉኝ። ይፋግ ወርጄ ጌሾ መረጥሁ፣ ቅጠሉን እንዳንች ጨምድጄ አሸተትሁት። ብቅሉን አበቀልሁ። ጋንሽን በግራዋ አጥቤ በወይራ ሁለት ጊዜ አጠንሁት። ጠነሰስሁ። ከዚያ ምድጃሽን አውጥቼ አቧራውን በእጄ ስጠርገው ሌባ ጣቴ ባንች ቦይ ገባ፤ ባንች ጣት መንገድ ዞርሁ፣ ከመካከል ጀምሬ እስከ ዳር።

አሻሮ ልቆላ ስቀመጥ ፒንሳዬን ጉልበቴ ላይ፣ ትርፍ ሽቦ ኪሴ ውስጥ አዘጋጀሁ። ሽቦው ያው አንች የተውሽው ሽቦ ነው። ቀላ። ገብሱ ተንጣጣ፣ ረጋ፣ ተንሾካሾከ። አሁን አልሁ፣ ገና ነው የሚለኝ ሰው የለም። ቆየሁ። ከዚያ አወረድሁት። ሌላ ጨመርሁ፣ ሌላም። እስከ ማታ ቆላሁ። ሽቦው አልተበጠሰም።

በማግስቱ እትዬ ደብሬ ሊያግዙኝ መጡ፣ ቂጣውን እሳቸው ጋገሩ። ፒንሳው ጉልበቴ ላይ ነው። ወፍጮው ዳጉሳ ሲያገኝ ምድጃው ደከመ፣ ዳጉሳው ሲያልቅ መልሶ ቀላ። አልተበጠሰም። ለእትዬ ደብሬ፣ ይኸ ሽቦ ምን ነክቶት ነው፣ እሷ ባለች ጊዜ ሳምንት አይሞላም ነበር፤ ያንን ነጋዴ በከንቱ ስሰድበው ኖሬአለሁ ማለት ነው አልኋቸው። ቂጣ የሚያገላብጡበት እጃቸው ቆመ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። የሚያርርባቸው መሰለኝና ቂጣውን እኔ አወረድሁት።

ከዚያ ነገሩኝ። አንድ ቀን ወንፊት ሊበደሩ ሳይጣሩ ቢገቡ አንች ምድጃው ፊት ተንበርክከሽ፣ ያችን የወይራ ቁራጭ ይዘሽ የቀላውን ሽቦ ትወጊው ነበር አሉ። ኧረ አንች ልጅ ምን መሆንሽ ነው ቢሉሽ፣ ሽቦው ጥው ብሎ ሲበጠስ ቀና ብለሽ፣ ባሌን እየጠራሁት ነው አልሽ አሉ። ነውር ነው ብለው ሲቆጡሽ፣ ልጁ ከሄደ ወዲህ ቤቱ ቀን ቀን ይውጠኛል፣ ወንድ ልጅ ያለ ነገር ጓዳ አይገባ፣ ና ቁጭ በልልኝ ብዬ እንዴት እለምነዋለሁ፣ ሰውስ ምን ይለዋል፣ ሽቦ ሲበጠስ ግን ሥራው ነውና ይመጣል አልሽ አሉ። እንዳይናገሩም በማርያም አስማልሻቸው። ዓመት ሙሉ መሐላሽን ጠብቀው ኖሩ። ከሞት በኋላ መሐላ ይፍረስ አይፍረስ እንጃ ብለው እሳቸውም አለቀሱ።

እኔ ተነሥቼ ወደ ምሰሶው ሄድሁ። ወይራዋ ከቦታዋ አለች። ጫፏ ተጠርቦ ሳይሆን ተቃጥሎ ሾሏል፣ ጠቁሯል። እሳት ቆስቁሰሽባት ነው እያልሁ ስንት ጊዜ አይቼ አልፌአታለሁ። እንዳይነዝርሽ ብዬ የጠረብሁልሽን፣ በዚች ብቻ ንኪው ያልሁሽን፣ ቃሌን ጠብቀሽ በሷው ብቻ ነክተሽዋል። ባንች ነገር መሳቅ አማረኝ፣ ሳቁም መጣልኝ፤ መካከሉ ላይ ሌላ ሆነብኝ እንጂ። እትዬ ደብሬ ጀርባዬን እየመቱ ይብቃህ ይብቃህ ሲሉኝ ነው ድምፄ እንደ ወጣ ያወቅሁት።

ዝማሜ፣ ዓይንሽን ያቀላው ጭስ ከሆነ ብዬ ጭሱን አጠፋሁልሽ። ጭስ አልነበረም። አንችም ጭስ አይደለም አላልሽኝም፤ በዚያው በሠራሁልሽ ምድጃ መላውን ራስሽ አበጀሽው። የአሥመራውን ነጋዴ ስረግመው አንገትሽን የምትደፊው ሳቅሽን ለመደበቅ ነበር ለካ። እሱን ሳገኘው ጠላ ጋብዤ ይቅር በለኝ እለዋለሁ።

ድፍድፉን ደፈደፍሁ፣ ውኃውን ሞላሁ፣ አፉን በጭቃ መረግሁት። እሑድ ከፍትሐት በኋላ ሰው ገባ፣ ቄሱ ባረኩ፣ ጋኑን ከፈትሁት። ሐጂም መጥተው ነበር፣ ለሳቸው የማያሰክረውን ቀሪቦ ለይቼ አዘጋጅቼ ነበር። የቀዳሁት እኔው ነኝ። ያ የጓዳው መካኒክ ብሎ ስም ያወጣልኝ ሰው ተቀብሎ ጠጣ፣ ዋንጫውን አየው፣ ደግሞ ጠጣ። ከዚያ ለማንም ሳይሆን፣ ዝማም መጣች አለ። እትዬ ደብሬ ጌሾ በዝቶበታል ብለው አሙኝ፣ ግን አስደገሙ። እኔም ቀመስሁት፤ አንች ነበርሽ።

ሰው ጠላው ከየት መጣ፣ ማን አስተማረህ ሲለኝ፣ ሽቦ ስጠግን ነው የተማርሁት እላለሁ። ሌላውን አልነገርሁም። እሱ ያንችና የኔ፣ የእትዬ ደብሬም ነው።

ከሰኞ ጀምሮ እኩለ ቀን ሲሆን ሞተሩን ለረዳቴ እየሰጠሁ ቤት እመጣለሁ። አጥሩን አሻግሬ አያለሁ፣ ነጩ የለም፣ እንዲያም ሆኖ እመጣለሁ። ወንዶቹ ዛሬ ደግሞ ማን ጠራህ ይሉኛል። አጥሩን አድሰዋለሁ፣ ያንች ነጠላ ይሰቀልበት የነበረውን እንጨት ግን አልነቅለውም። ጠላሽን ለልጃችን ለመታሰቢያውም፣ ላንችም በየዓመቱ እጠምቃለሁ። ጆሮዬ እስከሚሰማ አሻሮሽን አላሳርረውም። የወይራዋንም ቁራጭ ከምሰሶው ሥር አላነሣትም።

ይኸው ደብዳቤው አልቆ ጓዳሽ ገብቼ አነበብሁልሽ፤ ይህችን የምጨምርልሽ እዚሁ ተቀምጬ ነው። ምድጃውን አብርቼዋለሁ፣ የምቆላው የለኝም፣ ቀልቶ ያየኛል፣ እኔም አየዋለሁ። በርጩማዬን አንች ትቀመጪበት ከነበረው ፊት ለፊት አድርጌ ተቀምጫለሁ፣ ፒንሳዬን ወፍጮ ቤት ትቼው ነው የመጣሁት። ሽቦው ደህና ነው፣ ዝማሜ። እኔ ግን መጥቻለሁ።

ያንችው ካሴ፤ ወረታ